ፒክአፑ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል? ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያኔ ሰው ሁሉ ያወራው ስለ ዘይትና ስለ መድኃኒት ነው፣ ልክም ነበር። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን ብዙም ስለማይወራለት አንድ ክብ ብረት ነው፦ ስለ ፍሬን ዲስክ።

ለምን ፒክአፕ? ሽንኩርቱን ከማሳ፣ ሲሚንቶውን ወደ ግንባታ፣ የጤና ባለሙያውን ወደ ወረዳ የሚያደርሰው እሱ ስለሆነ። ደግሞ አብዛኛው አሮጌ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ስለዚህ በእጁ መኪና ያለው ሰው አይቀይርም፣ ይጠግናል። የሚጠገነው ደግሞ በዶላር በሚገባ ዕቃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾፌሩ በ80 ወይም በ90 እየነዳ ፍሬን ሲይዝ መሪው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጋራዥ ይሄዳል። «ዲስኩ ተጣሟል» ይባላል። ሶማሌ ተራ ወርዶ ዲስክ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ መኪናው ሐር ይሆናል። ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ያው መንቀጥቀጥ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ሻጩ ይረገማል፣ «ፎርጅድ ሸጠልኝ» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም።

«ተጣሟል» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ብረቱ እንደ እንጀራ ምጣድ አይጎብጥም፤ የሚሆነው ውፍረቱ ከቦታ ቦታ መለያየቱ ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ሁለቱ ያህል ልዩነት እንኳ ሲኖር፣ ወፍራሙ ቦታ በካሊፐሩ ውስጥ ባለፈ ቁጥር ሸራውን ይገፋል፣ ግፊቱም በፍሬን ፔዳልና በመሪ ይሰማል። ይህ በዓይን አይታይም። «አየሁት፣ ተጣሟል» ያላችሁ ሰው ዲስኩን ሳይለካ ከሆነ እየገመተ ነው።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ዋናው ምንጭ ከዲስኩ ጀርባ ነው። ዲስኩ የሚቀመጥበት ሃብ ላይ ዝገት ወይም ጭቃ ካለ አዲሱ ዲስክ ጠመም ብሎ ይታሰራል። ሲሽከረከር በትንሹ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ሸራውን ይነካል፣ እያደር ያን ቦታ ይበላዋል። ሺህ ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የጎማ ዳዶ ነው። ጎሚስታው በአየር ማሽን አንዱን እስኪጮህ፣ ሌላውን ለቀቅ አድርጎ ሲያስር ዲስኩ እኩል አይጨመቅም። ዳዶ በኮከብ ቅርጽ፣ በመስቀለኛ፣ ቀስ በቀስ ነው የሚጠብቀው። የሚያስቀው ነገር፣ የብዙ ሺህ ብር ዲስክ የሚበላሸው ጎማ ለማስጠገን በቆማችሁባት 10 ደቂቃ ውስጥ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ። 2 ቶን የሚመዝን የተጫነ ፒክአፕ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 60 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ማርሽ ቀንሳችሁ ከወረዳችሁ ሞተሩ ብዙውን ይሸከመዋል፣ ነፋስም የተወሰነውን ይወስዳል። እግራችሁን ፍሬን ላይ ተክላችሁ ከወረዳችሁ ግን ሙቀቱ ሁሉ ወደ ዲስኩ ይሄዳል። ታች ደርሳችሁ በጋለ ፍሬን ቆማችሁ ፔዳሉን ስትጫኑት ደግሞ የሸራው ቁስ ዲስኩ ላይ ይታተማል። ያ ምልክት ነው በኋላ የሚያንቀጠቅጠው። ጣርማ በርም፣ ሊማሊሞም ያው ናቸው።

እንግዲህ ምርመራው። መንቀጥቀጡ ፍሬን ሳትይዙም ካለ ዲስክ አትግዙ፤ ጎማ ባላንስ አስደርጉ፣ ቸርኬው እንዳልተጣመመ አሳዩ። ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከሆነና መሪው ላይ ከተሰማ ፊት ነው። ወንበርና ወለል ላይ ከተሰማ ኋላ ነው፤ አብዛኛው ሃይሉክስ ኋላው ታምቡር ስለሆነ ታምቡሩ ይታይ። መኪናው ወደ አንድ ወገን ከጎተተ፣ ወይም ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌላው ይልቅ በጣም ከጋለ (እጃችሁን ሳትነኩ ጠጋ አድርጉት) ካሊፐሩ ይዟል ማለት ነው። እሱ ካልተፈታና ካልተቀባ አዲስ ዲስክም ይቃጠላል። የጎማ ኩሽኔታም ላልቶ እንደሆነ ይፈተሽ።

ከዚያ ልኬት። መካኒኩ ማይክሮሜትር ካለው ዲስኩን ዙሪያውን 8 ቦታ ይለካ። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተቀርጿል፤ ዝገቱን ጠርጋችሁ አንብቡት። በአዲሱና በዝቅተኛው መሃል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው የኑሮ ውድነቱ አደገኛ የሚሆነው። ዲስክ ስለተወደደ ሰው ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ቶርኖ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ ከተቆረጠ በኋላ ከዝቅተኛው በላይ ከቀረ ገንዘብ ያድናል። ለሦስተኛ ጊዜ የተቆረጠ ቀጭን ዲስክ ግን ሙቀት የሚሸከምበት ብረት የለውም፤ ከተማ ውስጥ ደህና ይመስላል፣ አባይ በረሃ ላይ ይሰነጠቃል። በእኛ እምነት ልኬቱን በደረሰኝ ላይ የማይጽፍ ቶርኖ ቤት ሥራውን ግማሽ ነው የሠራው።

መቀየር ግድ ከሆነ ሁለቱም ወገን አብሮ ይቀየራል፣ ከአዲስ ሸራ ጋር። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ አይሠራበትም፣ ማቆሚያ ይግባበት። ካሊፐሩ በፍሬን ጎማው አይንጠልጠል፣ በሽቦ ይታሰር። ሃብ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ይጠረግ፤ ይህን 10 ደቂቃ ሥራ ቆማችሁ እዩት፣ ብዙ ቦታ የሚዘለለው እሱ ነው። አዲስ ዲስክ ላይ የዝገት መከላከያ ዘይት አለ፣ ሳይጸዳ ከተገጠመ ሸራው ያልቃል። ከገባ በኋላ ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ወደ 10 ገደማ ደጋግማችሁ ለስለስ ባለ ፍሬን አብርዱት፣ ጨርሶ ሳትቆሙ፣ በመሃል እያቀዘቀዛችሁ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን በእጅ ቁልፍ እንደገና አስጠብቁ፣ አየር ማሽን አይደለም።