ዩኒቨርሲቲውን ማን ያስተዳድረው?



ከወለቃ ሕመም የጠናበት ሰው የሚወሰደው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ቤት የሚያከራየው፣ የሚነግደው፣ ሸክላ ሠርታ የምትሸጠውም ኑሮዋ ከተቋሙ ጋር የተያያዘ ነው። በ1947 ዓ.ም. ለገጠሩ ሕዝብ ጤና ባለሙያ እንዲያፈራ የተመሠረተው ይህ ተቋም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በእሱ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ማን ነው?

መልሱ በሕጉ ውስጥ ይገኛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 650 ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ 7 ድምፅ ያላቸው አባላት ደነገገ። ሰብሳቢውንና ሌሎች 3 አባላትን ሚኒስቴሩ በቀጥታ ይሰይም ነበር፤ ከተቋሙ በሚቀርብ ጥቆማ የሚገቡት 3 ብቻ ነበሩ። 4 ለ3 ማለት ነው። ፕሬዚዳንቱንም ቦርዱ ካቀረባቸው እጩዎች መካከል የሚሾመው ሚኒስትሩ ነበር። ሴኔቱን ደግሞ ይኸው ፕሬዚዳንት ይመራዋል። ስለዚህ የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ የቱንም ያህል ቢመክር፣ ጉዳዩ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚደርሰው ከአንድ ተሿሚ እጅ ነው። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1152 ቢተካም ቦርድ የመሰየም ሥልጣን ከመንግሥት እጅ አልወጣም።

የዚህ ዓይነት አሠራር ዋጋው ምን እንደሆነ አገራችን ታውቀዋለች። በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተባረዋል። ያጣነው የእነሱን ደመወዝ ሳይሆን ሐኪሞችና ምሁራን የሚያስተምሩትን ትውልድ ነው።

«ገንዘቡን መንግሥት ስለሚሰጥ መሪውንም እሱ ይሹም» የሚሉ አሉ። ገንዘቡ ግን የግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው። ሒሳቡን ዋና ኦዲተር ይመርምር፤ ማን ያስተምር፣ ምን ይመራመር የሚለውን ግን ባለሙያው ይወስን። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ በር ከፍቷል፤ የመጀመሪያውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በመርሁ እንስማማለን። ነገር ግን ራስ ገዝነት የድሃው ልጅ በክፍያ ምክንያት ከደጅ የሚመለስበት፣ ሿሚውም እንደነበረ የሚቀጥልበት ከሆነ ስሙ እንጂ ግብሩ አልተለወጠም።

ስለዚህ ፓርቲያችን ብትመርጡት የሚከተሉትን በሕግ ለማስወሰን ይታገላል፦

1. ከቦርዱ አባላት የሚበዙት በመምህራን፣ በሠራተኞችና በተማሪዎች ይመረጣሉ፤ አንድ ወንበር ለአካባቢው ነዋሪ ይሰጣል።

2. ፕሬዚዳንቱን በግልጽ ውድድር የሚሾመው ቦርዱ ብቻ ይሆናል።

3. ማንም መምህር በእኩዮቹ ጉባኤ ፊት ሳይሰማ አይባረርም፤ ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብቱም ይጠበቃል።

4. የቦርድ ውሳኔ በ15 ቀን ውስጥ ለሕዝብ ይለጠፋል።

5. መክፈል የማይችል ተማሪ ወጪውን መንግሥት ይሸፍንለታል።

ድምፃችሁ በወለቃ የምርጫ ጣቢያ ብቻ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው ቦርድም እንዲሰማ ፓርቲያችንን ምረጡ!