በነፃ የተሰጠ ኮድ፣ በነፃ የማይታለፍ ኃላፊነት

ቢሮ ውስጥ ማተሚያ ማሽን ወረቀት ሲስብ፣ በሆዱ እያንዳንዱን ሥራ በተወሰነለት ቅጽበት የሚያስፈጽም አነስተኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ፡፡ ከእነዚህ ሲስተሞች አንዱ ትሬድኤክስ ነው፡፡ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 የትሬድኤክስን ባለቤት ኤክስፕረስ ሎጂክን ገዛ፤ በ2023 መጨረሻ ግን ሲስተሙን ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን እንደሚያስረክብ አስታወቀ፡፡ ዛሬ ማንም ሰው በኤምአይቲ ፈቃድ ያለክፍያ ይጠቀምበታል፣ ያሻሽለዋል፣ ይሸጠዋልም፡፡

ብዙዎች ይህን እንደ ስጦታ ብቻ ያዩታል፡፡ እኔ ሕግ የተማርኩ ነኝና ዓይኔ ያረፈው በፈቃዱ የመጨረሻ አንቀጽ ላይ ነው፡፡ ሶፍትዌሩ «እንዳለ» ይሰጣል፤ ዋስትና የለውም፤ ጉዳት ቢደርስ ጸሐፊዎቹ አይጠየቁም፡፡ ታዲያ ማን ይጠየቅ? የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው የሳይበር ደኅንነት ሕግ ሸክሙን በዋናነት በአምራቹ ላይ ይጥላል፡፡ ዋና ዋና ግዴታዎቹ ከዲሴምበር 2027 ጀምሮ ተፈጻሚ ሲሆኑ፣ ነፃ ኮድ በዕቃው ውስጥ የከተተ አምራች ኮዱን በጥንቃቄ መመርመር አለበት፡፡

ተገቢ ነው እላለሁ፡፡ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ድሩ የሚያብረው ግን ፈታይ ሲኖር ነው፡፡ በነፃው ኮድ የሚያተርፉ ኩባንያዎች ባለሙያና ገንዘብ ካላዋጡ፣ የጋራ የተባለው ሲስተም ጠባቂ አልባ ይሆናል፤ ጉድለቱም የሚታወቀው ማሽኑ የቆመ ዕለት ነው፡፡