«ልቀቅ!» ጩኸት ሳይሆን ግብይት ነው

አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው «ዘ ዌልዝ ኦፍ ኔሽንስ» መጽሐፉ ውስጥ፣ ንግድ የሰው ልጅ ብቻ ጠባይ መሆኑን ለማስረዳት ውሾችን በምሳሌነት አምጥቷል። ነገሩ ባጭሩ፦ ውሾች እርስ በርስ አጥንት አይገበያዩም ነው። ኢኮኖሚክስ ስማር ከገጠሙኝ ምሳሌዎች ሁሉ ይቺን እወዳታለሁ። ስሚዝ ግን የተናገረው ውሻ ከውሻ ጋር ስላለው ነገር ነው። ውሻ ከሰው ጋር ሲሆን ይገበያያል፤ ያውም ጎበዝ ነጋዴ ነው። ብዙ ሰው ውሻው የያዘውን ነገር እንዲለቅ ማድረግ የሚያቅተው፣ ጉዳዩን የጉልበት አድርጎ ስለሚያየው ነው ባይ ነኝ።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ በየሰፈሩ የሚታየውን ትዕይንት ታውቁታላችሁ። ውሻው አንድ እግር ሸበጥ ይዞ ከግቢ ይወጣል። ልጆች ይከተሉታል። «ልቀቅ! ኧረ ልቀቅ አንተ!» ይባላል። አንዱ ድንጋይ ያነሳል፣ ሌላው ጭራውን ይይዛል፣ ጎበዝ ነኝ ያለው ደግሞ መንጋጋውን ለመፈልቀቅ እጁን ይሰዳል። በመጨረሻ ሸበጡ ይገኛል፤ ግማሹ ግን ተበልቷል።

እኛ ውሻውን የቀጣነው ይመስለናል። እሱ ግን በዚያች ደቂቃ ሦስት ነገር ተምሯል። አንደኛ፣ «ልቀቅ» ማለት «ሩጥ» ማለት እንደሆነ። ሁለተኛ፣ የሰው እጅ ወደ አፉ ሲጠጋ ንብረቱ ሊሄድ እንደሆነ። ሦስተኛ፣ የሚበላ ነገር ከሆነ ቶሎ መዋጥ እንደሚያዋጣ። በሚቀጥለው ጊዜ ገና ስንጠጋው ቢያጉረመርም ምን ይገርማል? ትምህርቱን በደንብ ያዘ እንጂ።

ይሄ የውሻ ብቻ ጠባይ አይደለም። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔትሽና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ለግማሾቹ ተማሪዎች የቡና ኩባያ ሰጥተው ለግማሾቹ ሳይሰጡ ቀሩ። ከዚያ ተገበያዩ ተባሉ። ኩባያው እጃቸው የገባ ተማሪዎች የጠየቁት ዋጋ፣ ኩባያ ያልደረሳቸው እንከፍላለን ካሉት እጥፍ ገደማ ነበር። ኩባያው ያው ኩባያ ነው። ልዩነቱ «የኔ» መባሉ ብቻ ነው። ከአንድ ደቂቃ በፊት የኔ ያልነበረን ነገር አሳልፎ መስጠት ለሰው እንኳን ይህን ያህል ከከበደ፣ የበግ አጥንት ለያዘ ውሻ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል አስቡት።

«ታዲያ ምን አገባን? የውሻ ሥልጠና የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ስልካችን ላይ የምናያቸው ቪዲዮዎች እንደዚያ ያስመስሉታል፤ የጎማ መጫወቻ፣ በወገብ የሚታሰር የብስኩት ቦርሳ፣ የተላጨ ሣር። እኔ ግን ይህ ትምህርት ከዚያ ይልቅ እዚህ፣ ከደሴ በአቀስታ አልፎ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው ደጋ ላይ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው እላለሁ። ምክንያቱም እዚህ ውሻው አፍ ውስጥ ያለው ነገር መጫወቻ ብቻ አይደለም።

የለጋምቦንና የቦረናን ደጋ አስቡ። ገብስና በግ ነው ኑሮው። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለአረፋ በግ ይታረዳል። ጭንቅላቱ፣ ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረው ክፍል፣ የተበላሸው ሳንባ ለውሻ ይወረወራል። እዚህ ጋ ነው ችግሩ። በጎች አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ባሉበት የሚዞሩበትን በሽታ ያላየ የደጋ ልጅ ጥቂት ነው። መንስኤው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል ነው። ውሻው የታመመ በግ ጭንቅላት ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ግጦሽ ላይ ይወድቃል፤ ሌላ በግ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ እጩ ሄዶ አንጎሉ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ዑደቱ ይቀጥላል። በጉበትና በሳንባ በኩል የሚዞረው ሌላኛው ትል ደግሞ ለሰውም ይተርፋል፤ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ የሚያድግ የውሃ ከረጢት ይፈጥራል።

ስለዚህ የበግ ጭንቅላት ይዞ የሚሮጥን ውሻ በአንድ ቃል ማስለቀቅ መቻል ትርፉ የሚቆጠር ነው። በግ ለደጋ ገበሬ ባንክ ነው። ከባንኩ አንዱ በግ ሲዞር ሲዞር ገደል ቢገባ የጠፋው የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ልጆች ናቸው። ዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ በዓመት 59 ሺህ ገደማ ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ በኩል ነው። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻ አፍ ውስጥ እጁን ከቶ ኳሱን የሚነጥቅ ልጅ ከጨዋታ በላይ የሆነ ነገር ላይ ነው ያለው። ውሻው ጤነኛ ቢሆን እንኳ ንክሻው ንክሻ ነው።

ሦስተኛው ጎረቤታችን ነው። ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ እየተባለ የሚታወቀው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮ ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ አዋቂዎቹ ተደምረው ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ባሌ ውስጥ ከውሻ የተነሳ የእብድ ውሻ በሽታ በተለያዩ ዓመታት ገብቶ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ፓርክ ዳር የሚኖር ውሻ ሲጠሩት የሚመጣ፣ ከሞተ አውሬ ላይ «ተው» ሲሉት የሚተው ቢሆን ለእሱም ለቀበሮውም ይሻላል።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚደረገው? ኢንተርኔት የማይፈልግ ነገር ነው።

መጀመሪያ ርካሽ ነገር ምረጡ። የተቋጠረ አሮጌ ገመድ፣ የካልሲ ኳስ፣ ባዶ ሃይላንድ። በአጥንት አትጀምሩ፤ አጥንት የመጨረሻ ፈተና ነው። በሌላ እጃችሁ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ያዙ፦ የዳቦ ቁራሽ፣ ድርቆሽ፣ ከተገኘ የተቀቀለ ሳንባ ጥፍር የምታህል። ሽንኩርት የነካው ወጥ ግን አይሁን፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።

ውሻው ገመዱን ሲይዝ አትጎትቱ። ጎተታችሁ ማለት ጉተታ ጨዋታ ጀመራችሁ ማለት ነው፤ የበለጠ ይነክሳል። አትከተሉትም። ዝም ብላችሁ ቁሙና ምግቡን አፍንጫው ሥር አቅርቡ። አፉን ሲከፍት «ጎበዝ!» በሉና ስጡት።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፤ ገመዱን መልሱለት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። መልሳችሁ ስትሰጡት ውሻው የሚገባው ነገር አለ፦ መልቀቅ ማጣት አይደለም። ለቅቆ ዳቦ አገኘ፣ ገመዱም ተመለሰ። ከዚህ የተሻለ ንግድ የት አለ?

ይህን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለሦስት ለአራት ደቂቃ ብቻ አድርጉ። ምግቡ ሲቀርብ ሳይጠራጠር መልቀቅ ሲጀምር ቃሉን ጨምሩ። ምግቡን ከማሳየታችሁ ቀድማችሁ በረጋ ድምፅ «ልቀቅ» በሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ቀጥሎ ባዶ እጃችሁን አቅርባችሁ «ልቀቅ» በሉና ከለቀቀ በኋላ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ክፈሉ። ከገመድ ወደ ሸበጥ፣ ከሸበጥ ወደ አጥንት ቀስ ብላችሁ ውጡ። ግቢ ውስጥ የቻለውን በር ላይ፣ ከዚያ መንገድ ላይ ሞክሩት። ቃሉ የቤቱ ሁሉ ይሁን፤ እናት «ልቀቅ»፣ ልጅ «ጣል»፣ አባት «አምጣ» ካሉ ውሻው የማንን ይስማ? እኔ ሁለት ቃል ይበቃል እላለሁ፦ ገና ሳይነካው «ተው»፣ ከያዘ በኋላ «ልቀቅ»።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ውሻው ደርቆ ከቆመ፣ ዓይኑን ካፈጠጠ ወይም ካጉረመረመ ተመለሱ፤ በሩቁ ሌላ ምግብ ወርውራችሁ ራሱ እስኪሄድ ጠብቁ። ስላጉረመረመ አትምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን በዱላ ካጠፋችሁት የሚቀረው ሳይናገር የሚናከስ ውሻ ነው። ትንንሽ ልጆች ይህን ብቻቸውን አይሞክሩት። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ወይም የማታውቁት ውሻ ላይ ደግሞ ማንም አይሞክረው።

ይህን ሐሳብ ለሰዎች ሳነሳ የሚመጡ መልሶችን አውቃቸዋለሁ።

«አንተ ልጅ፣ ለሰው ያልበቃ ዳቦ ለውሻ?» ብለውኛል አንድ አባት። እውነታቸውን ነው፤ ኑሮው ከባድ ነው። ግን አባባ፣ ውሻው እኮ አሁንም እየበላ ነው። ወይ ፍርፋሪውን በነፃ ይወስዳል፣ ወይ ሸበጡን ይበላል። እኔ የምለው የሚጣለውን ያንኑ ፍርፋሪ በነፃ ከመወርወር ለሥራ ክፈሉበት ነው። ወጪ አልጨመርኩም፤ ያለውን በጀት አዛወርኩ እንጂ።

«ይሄ ጉቦ ነው፤ ያለ ዳቦ አልለቅም ይላል» የሚሉም አሉ። ጉቦና ደሞዝ ይለያያሉ። ጉቦ ሥራው ሳይሠራ በፊት ይታያል፤ ደሞዝ ከተሠራ በኋላ ይከፈላል። ለዚህ ነው ምግቡን ቶሎ ከዓይኑ ሰውሩ ያልኩት። ቃሉን ከለመደ በኋላ ሁልጊዜ አይከፈለውም፤ አንዴ ዳቦ፣ አንዴ «ጎበዝ»፣ አንዴ ኳሱን መልሶ መወርወር። መቼ እንደሚከፈል በትክክል የማያውቅ ሠራተኛ ከሥራው አይርቅም። ይህንን የቢ.ኤፍ. ስኪነር ሙከራዎች ከአሥርት ዓመታት በፊት አሳይተዋል፤ ስልካችንን በየደቂቃው የምንከፍተው እኛም ምስክሮች ነን።

«የኛ ውሻ እልኸኛ ነው፣ አይገባውም» ይባላል። የደጋ ውሻ እልኸኛ መሆኑ እውነት ነው። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ የሚወስን ውሻ ነው የምንፈልገው። ያ እልህ ቀን ላይ ሸበጥ ሲይዝ የት ይሂድ? እልኸኛ ውሻን በጉልበት መግጠም የሚወደውን ጨዋታ መጋበዝ ነው። ዋጋው ሲስማማው ግን ከማንም ቀድሞ ይስማማል።

የሃይማኖት ጥያቄም ይነሳል። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን የሚኖር ነው፤ ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ የውሻ ምራቅ እንዳይነካው ይጠነቀቃል። ይህ ዘዴ እጅን አፉ ውስጥ መክተትን ስለሚያስቀር እንዲያውም ይመቻል፤ ዳቦውን መሬት ላይ ጣል ማድረግ ይቻላል። ለጥበቃና ለከብት የሚያዝ ውሻ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰለጠነ አዳኝ ውሻ ለባለቤቱ ይዞ ያቆየው እንደሚበላም፣ የአላህ ስም ከተወሳበት፣ በሱረቱል ማኢዳ ተነግሯል። ማሠልጠን ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚለው አያስኬድም።

ይህ ማለት ግን «ልቀቅ» ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም። የትኛውም ቃል ክትባትን አይተካም። በሽታው በአንድ አካባቢ እንዲቆም ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ መከተብ አለባቸው ይባላል፤ ይህ አንድ ቤት የሚችለው ሥራ አይደለም። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ለከብት ክትባት ሲወጡ ውሻውም ወረፋ ሊኖረው ይገባል፤ የትል መድኃኒቱም እንዲሁ። በበዓል ሰሞን የታመመ ጭንቅላትና ጉበት የሚቀበርበት ጉድጓድ መቆፈር ደግሞ ለሰፈር ወጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ነገ አይባልም።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን፤ ውሻ ለሚያበላው ታማኝ ነው ለማለት። ታማኝነቱን በነፃ ተቀብለን፣ ስናዘው ግን በድንጋይ የምናናግረው ለምንድን ነው? ከአንድ ውሻ ጋር እንኳ ነገርን በመንጠቅ መጨረስ ከለመድን፣ ልጆቻችን ከዚያ የሚቀስሙት ምንድን ነው? ዓይናቸው ሥር የያዘውን የሚነጥቅ ጉልበተኛ ሳይሆን ለውጦ የሚያስለቅቅ ሰው ቢያዩ እመርጣለሁ።

ዛሬ ማታ እራት ሲያልቅ የተረፈችውን ቁራሽ ዝም ብላችሁ አትወርውሯት። አንድ የተቋጠረ ገመድ ፈልጉና ገበያውን ክፈቱ።