አሰልጣኙን መንግሥቱ ወርቁን ማን ይጻፍልን?

ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ሐርላ በአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ዘንድ የምትታወቀው ከመሬቷ ሥር በወጣው ጥንታዊ ከተማ ነው። ለእኛ ለልጆቿ ግን ማታ ማታ ዋናው ወሬ ኳስ ነው። ስለ አሰልጣኝ ክርክር በተነሳ ቁጥር ታዲያ አንዱ ብድግ ብሎ «ጎበዝ ተጫዋች ጎበዝ አሰልጣኝ አይሆንም፤ መንግሥቱ ወርቁን አታይም?» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም።

በተጫዋችነታቸውማ ማንም አይከራከርም። የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ 3 ጎል አስቆጥረው ከግብፁ ባዳዊ ጋር ኮከብ ጎል አግቢነቱን ተጋርተዋል። በፍጻሜው ግብፅን 4 ለ 2 ስንረታ የመጨረሻዋን ጎል ያገቡትም እርሳቸው ናቸው። የዚያ ቡድን አሰልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማም ቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች እንደነበሩ ልብ ይሏል።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1974 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ብሔራዊ ቡድኑን በአሰልጣኝነት ይዘው ለአፍሪካ ዋንጫ ሊቢያ ገቡ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጣን። አንድም ጎል አላገባንም። እንግዲህ የሐርላ ተከራካሪዎች ማስረጃ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ቁጥር አጠገቡ ሌላ ቁጥር ካልተቀመጠ ያሳስታል። አንደኛ፣ ያኔ ተሳታፊዎቹ 8 አገሮች ብቻ ነበሩ። አዘጋጇ ሊቢያና የዋንጫው ባለቤት ናይጄሪያ ያለ ማጣሪያ ስለገቡ ለተቀረው አፍሪካ የተረፈው 6 ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ እኛ ላይ ጎል ማግባት ያቃታት አልጄሪያ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈችው አልጄሪያ ናት። ሦስተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀብን።

በ2005 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመራን ደቡብ አፍሪካ ስንደርስ ተሳታፊዎቹ 16 ሆነው ነበር። ውጤታችንስ? 1 አቻ፣ 2 ሽንፈት፤ 1 ጎል አግብተን 7 ገባብን። ያንን ቡድን ዛሬም በኩራት እናነሳዋለን፤ ይገባዋልም። ታዲያ በ1974 ዓ.ም. 1 አቻ፣ 2 ሽንፈት፣ የገባብንም 4 ሆኖ ሳለ ለምን የውድቀት ምሳሌ ይሆናል?

መልሱ እኛው ጋ ይመስለኛል፤ በዚህ ሙያ ላይ ያለንና ልንገባበት የምንማር ሰዎች ጋ። የስፖርት ዜና ስንለማመድ እንኳ ውጤቱን ጽፈን፣ አሰልጣኙ ይባረር ወይስ ይቆይ ብለን ጠይቀን እንዘጋለን። ቡድኑ በምን ማጣሪያ አለፈ፣ ልምምዱ ምን ይመስል ነበር፣ አሰልጣኙ ለተጫዋቾቹ ምን አስተማረ የሚለውን ማን ይጠይቅ?

ጋሽ መንግሥቱ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አርፈዋል። እርሳቸውን መጠየቅ አይቻልም፤ ያሠለጠኗቸውን ግን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። እዚሁ ድሬዳዋ ስታዲየም በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ምድብ ጨዋታዎች ሲካሄዱ፣ ኋላ ዋንጫውን የወሰደችውን ሞሮኮን በዓይናቸው ያዩ አባቶችም በመካከላችን አሉ። ስለዚያ ዘመን ኳስ ከእነሱ የተሻለ ማን ይነግረናል? የመመረቂያ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ የምናማትር ተማሪዎች፣ መቅረጸ ድምፃችንን ይዘን በቅድሚያ ወደ እነሱ ብንሄድስ? ነገ ብንል ላይቆዩን ይችላሉ።