ሶሻል ወርክና መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ ክፍል

«ሰባኪ ልትሆኚ ነው ወይስ ሠራተኛ?» አንዲት የሐረር ልጅ አዲስ አበባ ባለ አንድ ትንሽ ክርስቲያን ኮሌጅ ሶሻል ወርክን ከመንፈሳዊ አገልግሎት ጋር ልትማር ነው ሲባል ከዘመድ የሚመጣው የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው። እናት «ልጄ፣ በዚህ ዲግሪ ማን ይቀጥርሻል?» ትላለች። የሰፈር ጓደኛ «አቦ ተይና አካውንቲንግ ግቢ» ይላል። ሌላም ጥያቄ አለ፣ ጮክ ተብሎ ግን አይነገርም። ጀጎል ውስጥ ያለ ሙስሊም ጎረቤት ልቡ ውስጥ ያስቀምጠዋል፦ ይቺ ልጅ ነገ ዱቄት ይዛ ስትመጣ ሃይማኖታችንን ልታስለውጠን ይሆን?

እኔ በበኩሌ ሁለቱን አብሮ መማር ትክክል ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ሐረር በቂ ታሪክ አላት። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1901 የካቶሊክ ካፑቺን ሚሲዮናውያን ሐረር ላይ ሴንት አንቷን የተባለ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ከፈቱ። ኋላ ደግሞ ፈረንሳዊው ሐኪም ዶክተር ፌሮን እነዚህን ሕሙማን አከመ። ከግንቡ ውጪ ያለው ሰፈራቸው በሱ ስም ገንደ ፌሮ ይባላል፤ «ገንደ» በኦሮምኛ መንደር ማለት ነው። በ1957 ጀርመን ቩርትስቡርግ ከተማ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያ ሥራው ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የቢሲዲሞ ማዕከል ሆነ። ለኛ ዲፓርትመንት ሰዎች ደስ የሚለው ነገር ከመሥራቾቹ አንዱ ሄርማን ኮበር ጋዜጠኛ መሆኑ ነው። ጋዜጠኛ ከወሬ በቀር ምን ያመጣል ለሚሉን መልስ ይሆናል።

በሽታው ከ1980ዎቹ ወዲህ በተቀናጀ መድኃኒት ይድናል፣ መድኃኒቱም በነጻ ነው። ታዲያ ሁሉ ነገር አለቀ? አላለቀም። ነርቩ የተጎዳ እጅ ከዳነም በኋላ ትኩስ ድስት ሲይዝ አይሰማውም፣ ይቃጠላል፣ ይቆስላል። ቁስሉን ያየ ሰው ደግሞ እንጀራ አይገዛትም፣ ቤት አያከራያትም፣ ልጇን ለልጁ አያጭም። ተሕዋሱ ሞቷል፣ ስሙ ግን አልሞተም። ይሄን ክኒን አያድነውም፣ ጸሎት ብቻውንም አያድነውም። ሶሻል ወርክ የሚባለው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ መድረኩ እንሂድ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ቃል «ለምጽ» ነው። ብዙ ሰባኪ ለምጽንና ሥጋ ደዌን አንድ አድርጎ፣ ከዚያም የኃጢአት ምሳሌ አድርጎ ሲሰብክ ሰምተናል። እሺ፣ ምሳሌ ነው ይባል። ግን ኋላ ወንበር ላይ ጣቶቿን በነጠላ የሸፈነች እናት ተቀምጣለች። ጤና ጣቢያው በስንት ዓመት የገነባውን አንድ ስብከት በግማሽ ሰዓት ያፈርሰዋል። ዘሌዋውያን 13 ላይ ካህኑ በሽተኛውን ከሰፈር ያስወጣዋል፤ እዚህ ድረስ ሁሉም ይሰብከዋል። ምዕራፍ 14 ላይ ግን ያው ካህን ራሱ ከሰፈር ወጥቶ የዳነውን ሰው ያየዋል፣ ሥርዓቱን ፈጽሞ ወደ ሕዝቡ ይመልሰዋል። ይቺን ምዕራፍ ስትሰበክ የሰማ አለ? እኔ አልሰማሁም። ሶሻል ወርክ ተምሮ ገንደ ፌሮን ያየ ሰባኪ ግን ሊዘላት አይችልም። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ክፍል መሰጠታቸው የሚጠቅመው ለዚህ ነው እንጂ ለኮሌጁ ስም ማሳመሪያ አይደለም።

ሐሳቡ ራሱ ከውጭ የመጣ አይደለም። በግንቦት ወር 1972 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊነት ጊዜ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ጭብጡ ባጭሩ፦ እናንተ ለጋሾች ለልማት ገንዘብ ትሰጣላችሁ፣ ለወንጌል ስንጠይቃችሁ ግን ትሰስታላችሁ፤ ሰው ግን ለሁለት አይከፈልም የሚል ነው። ዛሬ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የምንለው ከዚያ መንፈስ ጋር ይሄዳል። ቄስ ጉዲና በ1979 በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ። ይሄን ደብዳቤ እየጠቀሱ በክሊኒክ ወረፋ ላይ ትራክት የሚያድሉ ሰዎች አሉ፤ በኔ ግምት በደንብ አላነበቡትም። ሰው አይከፈልም ማለት አንዱን የሌላው ዋጋ እናድርገው ማለት አይደለም። በ1994 ቀይ መስቀልና የዕርዳታ ድርጅቶች ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ ዕርዳታ የሃይማኖትም የፖለቲካም ማራመጃ እንዳይሆን ይከለክላል። ይሄ ደንብ በክርስቲያን ኮሌጅ ውስጥ እንደ ጴጥሮስ መልእክት ተጠንቶ ፈተና ሊወጣበት ይገባል።

የሥራውን ነገር በተመለከተ እናቶች እውነት አላቸው። ሶሻል ወርክ እዚህ ሀገር በ1959 ትምህርት ቤት ተከፍቶለት ነበር፤ ደርግ ከመጣ በኋላ ተዘግቶ ዩኒቨርሲቲው ዳግም የጀመረው በ2004 ነው። ሙያው ሠላሳ ዓመት ገደማ ተቋረጠ ማለት ነው፣ ቀጣሪውም ገና እየለመደው ነው። ስለዚህ አመልካች ሁሉ የኮሌጁን ዕውቅና ከመመዝገቧ በፊት ትጠይቅ፣ አትፈር።

ለኔ የሚያሳስበኝ ግን የመስክ ልምምዱ ነው። ተማሪው ሁልጊዜ ወደ ራሱ ቸርች ፕሮጀክት ከተላከ ምን ይማራል? ሁሉም ወንድም እህት ብሎ የሚቀበለው ቦታ ነው። ወደ ጀጎል ይላክ። ጀጎል ውስጥ አፎቻ አለ፤ የወንዶች ለብቻ፣ የሴቶች ለብቻ። ሠርግና ሐዘን ሲመጣ ሥራውን ይከፋፈላል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ያልመጣውን ለምን ቀረህ ይላል። እድርን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ከፕሮፌሽናሉ ቀድሞ የነበረ ሶሻል ወርክ ነው፤ ማንም ዲግሪ አልሰጠውም። ክርስቲያን ተማሪ እዚያ ገብቶ የመጀመሪያውን ወር ቡና እየጠጣ፣ ዕቃ እየተሸከመ፣ ዝም ብሎ ቢሰማ ከሦስት ኮርስ ይበልጥበታል። ደግሞ ቁጥሩ ጥቂት በሆነበት ቦታ መሥራት ምን እንደሚመስል ያያል፣ ብዙ በሆነበት ቦታ ለሌላው ምን እንደሚከብድ ለማወቅ።

ውጤቱን ማን ይስጠው? ኮሌጁ ብቻ ባይሰጠው ጥሩ ነው። ተማሪዋ የጻፈችው የልምምድ ሪፖርት ማርክ ከመሰጠቱ በፊት አብራቸው ለሠራችው የአፎቻ እናቶች ይነበብላቸውና «እንዲህ ነበረች ወይ?» ተብለው ይጠየቁ። የገንደ ፌሮ ሰዎችም እንዲሁ።