ለህፃናት የአንጎል ቀዶ ህክምና አልትራሳውንድ ለምን ያስፈልጋል?

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሚኤሶ ባቡርም አስፋልትም የሚያልፍባት ከተማ ናት። ሆኖም በአካባቢው የተወለደ ህፃን በአንጎሉ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ጭንቅላቱ ከልክ በላይ ሲያድግ መንገዱ ይረዝማል። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ጭሮ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ የአንጎልና ነርቭ ቀዶ ህክምና ሐኪም ወዳለበት ከተማ በሪፈር ይላካል። ለዚህ ጉዞ ቤተሰብ ከብቱን ሊሸጥ ይችላል። የመጀመሪያው ቀዶ ህክምና ሳይሳካ ቀርቶ ሁለተኛ ሲያስፈልግስ ምን ይሸጣል?

ህፃኑ አስቀድሞ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ታይቶ ሳለ በቀዶ ህክምናው መሀል ሌላ ምስል ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠይቁ ይኖራሉ። ምክንያቱ የራስ ቅል ሲከፈትና ፈሳሽ ሲወጣ አንጎል ከነበረበት ፈቀቅ ማለቱ ነው። ቀደም ሲል የተነሳው ምስል ያኔ ሙሉ በሙሉ አያስተማምንም። ዕጢ ሲወጣ የቀረ መኖር አለመኖሩን፣ ፈሳሹን የሚያስወግደው ቀጭን ቱቦ (ሻንት) በትክክለኛው ቦታ መግባቱን ቁስሉ ሳይዘጋ ማየት ያስፈልጋል።

በዓለም ለዚህ የሚውሉ መሣሪያዎች የተለያዩ ናቸው። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 በቀዶ ህክምና ክፍል ውስጥ ኤምአርአይ ሥራ ላይ ውሏል። ምስሉ ጥራት ቢኖረውም ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ ልዩ ክፍል ይፈልጋል፤ ህፃኑ በሰመመን የሚቆይበትን ጊዜም ያራዝማል። አልትራሳውንድ ግን ርካሽ ነው፣ ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳል፣ ጨረር የለውም፣ ምስሉም ወዲያውኑ ይታያል። እርግብግቢቱ ያልተዘጋ ህፃን ደግሞ አጥንቱ ሳይከፈት በዚያው በኩል አንጎሉ ይታያል።

ይህ ሲባል አልትራሳውንድ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ደምና አየር ምስሉን ያደበዝዛሉ፤ የሰለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። በትክክል የገባ ቱቦም ቆይቶ ሊደፈን ይችላል። ነገር ግን ቦታውን የሳተ ቱቦ እዚያው ከታረመ ህፃኑ ከሌላ ሰመመን፣ ቤተሰቡም ከሌላ 300 ኪሎ ሜትር ይድናሉ።

አገራችን ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና ነርቭ ቀዶ ህክምና ስልጠና ጀምራለች። ሐኪም ለማፍራት የተደረገው ጥረት ያለ መሣሪያ ሙሉ አይሆንም። እንደ እኛ እምነት የህፃናት አንጎል በሚታከምበት የቀዶ ህክምና ክፍል ሁሉ ለሥራው የሚመጥን አልትራሳውንድ ሊኖር፣ አጠቃቀሙም በስልጠናው ሊካተት ይገባል። ከሩቅ ለሚመጣ ህፃን ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። የልጃችሁ ጭንቅላት በፍጥነት ካደገ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ዓይኖቹ ወደ ታች ካዘነበሉ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የጭንቅላቱን ዙሪያ በሜትር እንድትለካላችሁ ጠይቁ። የተነሳውን ምስልና የሪፈር ወረቀቱን በጥንቃቄ ያዙ። ቱቦ የገባለት ልጅ ካተኮሰው፣ ካስመለሰው ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ካበዛ የቀጠሮ ቀን አትጠብቁ። በቀዶ ህክምና ክፍል ያለው መሣሪያ የሚጠቅመው ህፃኑ በጊዜ ሲደርስ ነው።