አሮጌዋ መኪና ለምን ትፈላለች?

«የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከመኪና ሞተር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ወደ መጨረሻው እሰጣለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም በፒካፕ ካሶኒ ላይ ተቀምጦ የመጣ ተማሪ ሁሉ ነገሩ እርሱንም እንደሚመለከተው ይወቅ።

ባለፈው ዓመት በመስከረም፣ ዕረፍቱ አልቆ ወደ ግቢያችን ስንመለስ፣ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ በአሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፓቸው አሳፈሩን። ከፊት ከእርሳቸው ጋር ከሆስፒታል የወጣች አራስ ከነሕፃኗ ተቀምጣለች፤ ከኋላ እኛ ሦስት ተማሪዎች ከእህል ጆንያ ጋር ነን። የለጋምቦ ደጋ ላይ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኛ በጋቢ ተጠቅልለን እንንቀጠቀጣለን፤ መኪናዋ ግን ትፈላለች! ሦስት ጊዜ ቆምን። በሦስተኛው ላይ ረዳቱ፣ ዕድሜው ከእኛ የሚያንስ ልጅ፣ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ከፈተው። የፈላው ውሃ ተፈናጥሮ እጁን ከአንጓው እስከ ክርኑ ላጠው። አራሷ ሕፃኗን ታቅፋ በዚያ ንፋስ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቀች።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ምን ሆና ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አርጅታለች፣ ልጄ። ያረጀ ነገር ምን ይደረጋል!» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ መልስ ነው። እርጅና የበሽታ ስም አይደለምና። ሐኪም ዘንድ የሄደ ሽማግሌ «አርጅተሃል» ተብሎ ብቻ ቢመለስ ሁላችንም እንቆጣለን። ለመኪና ሲሆን ግን ይህንኑ ቃል እንደ ምርመራ ውጤት ተቀብለን እንሄዳለን።

ከሳምንት በኋላ መኪናዋን ለአንድ መካኒክ ሊሰጡ ሲሄዱ አብሬ ሄድሁ። ሰውዬው አስተዋይ ነበር። አንድ ብሎን ሳይፈታ የሻንሲውን ሰሌዳና በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበበ። ሰሌዳው ኤች ጄ 75 ይላል። ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሲሠራ 2 ኤች የሚባል ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ይዞ ነው ከፋብሪካ የወጣው። በመኪናዋ ላይ ያለው ሞተር ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣው 1 ኤች ዜድ ነው። ሞተሩ መለወጡን ጋሼ ያውቃሉ። ከሞተሩ ጋር ምን እንደ ተለወጠና ምን እንደ ቀረ ግን ማንም አልነገራቸውም።

መካኒኩ ቀጥሎ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፈተ፤ ውሃ ሞልቶ ሞተሩን አስነሣና ዐረፋ መውጣት አለመውጣቱን ተመለከተ። ዐረፋ የለም፤ የሞተሩም ዘይት ወተት አልመሰለም። እንግዲያው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ደኅና ነው ማለት ነው። ጋሼ ግን ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ይህንኑ ጓርኒሲዮን አንድ ጊዜ፣ የውሃውን ፖምፓ ሁለት ጊዜ አስለውጠዋል! ደኅና የነበረውን ዕቃ ገንዘብ ከፍለው አስጣሉ ማለት ነው።

ጥፋቱ የተገኘው ሌላ ቦታ ነው። ራዲያተሩ የሌላ አነስተኛ መኪና ኖሮ በብየዳ ተጠግኖ የገባ ነው። መካኒኮች ቬንትሌተር የሚሉትን ማራገቢያ የሚከበው ቀለበት ከአዲሱ ሞተር ጋር አልገጥም ስላለ ወልቆ ተጥሏል፤ ስለዚህ ማራገቢያው አየሩን በራዲያተሩ ውስጥ በመሳብ ፈንታ በአካባቢው ያለውን ሙቅ አየር ያማስላል። ክዳኑ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም፤ አንገቱ ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ ሞላውም ደክሟል። ቴርሞስታቱ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ስለ ቴርሞስታቱ ትንሽ ልናገር፤ በአገራችን «ሲፈላ አውልቀህ ጣለው» የሚባል ምክር አለና። ቴርሞስታት በሙቀት የሚከፈት ትንሽ በር ነው፤ በብዙ ሞተሮች ወደ 82 ዲግሪ ሲደርስ ተከፍቶ የጋለውን ውሃ ወደ ራዲያተር ይለቃል። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ግን ሁለተኛ ሥራም አለው፤ ሲከፈት ውሃው ራዲያተር ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። እርሱ ከተጣለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ የጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ለማብረድ ተብሎ የተጣለው ዕቃ ማፍያ ሆነ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይህ አይደለምን?

በዚያ ብርድ ውስጥ መፍላቷም ምሥጢር አይደለም። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው 300 ሜትር ያህል በጨመረ ቁጥር አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። መካነ ሰላም ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ በ90። የደጋ እናቶቻችን ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል፤ ድስቱ ቶሎ ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን አይበስልም። 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር ያለው ደኅና ክዳን ውሃውን አፍኖ ስለሚይዝ በእኛ ከፍታ እንኳ እስከ 110 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ካላፈነ ግን ይህ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል። አየሩም በዚህ ከፍታ ከባሕር ጠለሉ አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚከብድ፣ ማራገቢያው እኩል ቢዞርም የሚያበርደው ያነሰ ነው። ስለዚህ በቆላ ተሸፋፍኖ የሚያልፍ ስሕተት በደጋ ይጋለጣል።

መካኒኩ ለሞተሩ የሚስማማ ቴርሞስታትና ክዳን አስገዛ፤ ራዲያተሩን አጠበ፤ ቀለበቱን አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ከአሮጌ በርሜል ቆርጦ ሠራው። የጠቅላላው ወጪ ጋሼ ለአንዱ ፖምፓ ከከፈሉት ያንስ ነበር። ራዲያተሩ አሁንም ትንሽ ነውና በረጅም ዳገት ላይ የሙቀቱ ቀስት ከፍ ይላል፤ ጋሼም ያን ጊዜ በዝግታ ይነዳሉ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ፈልታ መንገድ ላይ አልቆመችም።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። የተደባለቀ ዕቃ ነውር አይደለም። መካኒኮቻችንም በዚህ አይወቀሱም፤ ያለውን ከሌለው እያጋጠሙ አገሩን በጎማ ላይ ያቆዩት እነርሱ ናቸው። ወደፊትም መደባለቁ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወሰነ። እንግዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዘመን ያገለግላሉ፤ ዕቃቸውም ከመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ከሞተ መኪና ላይ እየተፈታ ይመጣል።

ነውሩ ሳይጻፍ መደባለቁ ነው። ሞተሩን የለወጠው ሰው ምክንያት ነበረው፤ ቴርሞስታቱን የጣለውም ምናልባት ሌሊት መንገድ ላይ ቆሞ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ነገር ግን አንዳቸውም ለሚቀጥለው ሰው አንድ መስመር አልተዉለትም። ስለዚህ ቀጣዩ መካኒክ በጭፍን ይገባል፤ ባለቤቱም ስለ አንድ በሽታ ሦስት ጊዜ ይከፍላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

«መካኒክ እንጀራውን ይጋግር ወይስ ይጻፍ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጊዜ የለውም። ጊዜ ያለን ግን እኛ ነን። የእኔም ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ክፍል አንድ የብራና መጽሐፍ ሲጠና የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ቅጠል ከዚሁ መጽሐፍ ነው ወይስ ከሌላ የመጣ? ማን ጨመረው?» የሚል ነው። ያ መካኒክ ሰሌዳውንና የሞተሩን ቁጥር ሲያስተያይ የሠራው ይህንኑ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እርሱ ውጤት አገኘበት፣ እኛ ነጥብ እንቀበልበታለን።

ስሞቹንም ተመልከቱ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ የሚሉት ከጣሊያን አፍ የቀሩ ናቸው። የዕቃው መጽሐፍ ግን በእንግሊዝኛ ነው። መካኒኩ በጣሊያኑ ስም ያዝዛል፤ ሻጩ በቁጥር ይፈልጋል፤ ባለቤቱ «ያቺ ክብ ነገር» እያለ በስልክ ያስረዳል። ስሕተቱ የሚወለደው በዚህ መካከል ነው። ይህን የሚያቃና የቃላት መዝገብ ማዘጋጀት የማን ሥራ ነው? የቋንቋ ተማሪ ሥራ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

ስለዚህ ለተማሪዎች ኅብረታችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የቋንቋና የቴክኖሎጂ ተማሪዎች በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ወደ ከተማው ጋራዦች ሄደው፣ ለማስተማር ሳይሆን ለመጠየቅ፣ የዕቃዎቹን ስም ከነሥራቸው ከመካኒኮቹ አፍ ይጻፉ፤ የተገኘውም በዚህች መጽሔት በተከታታይ ይውጣ፤ የነጋሪዎቹም ድርሻ ይመስገን። ሁለተኛ፣ ለየመኪናው አንድ ደብተር እንዲኖር እናግዝ፤ ቀኑ፣ የተለወጠው ዕቃ፣ ከየትኛው መኪና እንደ መጣ፣ ቁጥሩና ለምን እንደ ተለወጠ የሚጻፍበት። ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ።

የጋሼን ደብተር እኔው ጀምሬላቸዋለሁ፤ እስከ አሁን አንድ ገጽ ተኩል ሞልቷል። የረዳቱ እጅ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። ክዳኑን ባየሁት ቁጥር፣ ትክክለኛው ዕቃ ስንት ብር ይገዛ እንደ ነበር አስባለሁ። በሐሳቤ የማይስማማ ወንድም ወይም እኅት በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ። የሚስማማ ግን ደብተርና እርሳስ ይዞ ይምጣ፤ ጋራዡ ከግቢው በር ሩቅ አይደለም።